ከሉክላ እስከ ካላ ፓታር፦ የኩምቡ ሻይ ቤቶች የጉዞ ማስታወሻ

ከመነሣት በፊት

በሰሜን ምሥራቅ ኔፓል፣ ኩምቡ በሚባለው የሸርፓዎች አገር፣ እስከ ኤቨረስት ግርጌ ለሚደረግ የእግር ጉዞ ድንኳንም ስንቅም መሸከም አያስፈልግም። መንገዱ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሻይ ቤት አለው። ሻይ ቤት ይባሉ እንጂ አልጋና ሙሉ ምግብ የሚሰጡ፣ ክፍሎቻቸው በስስ እንጨት የተከፈሉ የእንግዳ ማረፊያዎች ናቸው፤ በአንዱ ቁርሱን በልቶ የተነሣ መንገደኛ ከጥቂት ሰዓት በኋላ በሌላው ምሳውን ያገኛል። ስለዚህ ዕቅድ አውጪውን ብዙ የሚያስጨንቀው ጥያቄ አንድ ነው፤ እያንዳንዱን ሌሊት በስንት ሜትር ከፍታ ላይ ልደር?

ደብረ ብርሃን ተወልዶ ላደገ ሰው ይህ ጥያቄ ቀላል ይመስላል። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 2,840 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ ጉዞው ከሚጀመርባት ከሉክላ ጋር እኩያ ናት ማለት ይቻላል፤ ወዳጆቼም ሐሳቤን ሲሰሙ «የደጋ ልጅ ነህ፣ ምን ትሆናለህ» ይሉኝ ነበር። ነገሩ ጨርሶ መሠረት የለውም አይባልም። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ አንድ ጥናት በሰሜን ተራሮች፣ አምባራስ አካባቢ፣ በ3,530 ሜትር ከፍታ ላይ የሚኖሩ ሰዎችን መርምሮ፣ የሄሞግሎቢናቸው መጠንም ሆነ በደማቸው ያለው ኦክስጅን በባሕር ጠረፍ ከሚኖር ሰው እምብዛም እንደማይለይ፣ ይህም ከቲቤቶችም ከአንዲስ ተራራ ነዋሪዎችም የተለየ የመላመድ መንገድ እንደሆነ አሳይቷል። እኔ ግን ያለፉትን ዓመታት የኖርሁት ዱባይ፣ ከባሕሩ አፍ ላይ ነው፤ ሰውነት ደግሞ በከፍታ ላይ ያዳበረውን መላመድ ቆላ ከወረደ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይተወዋል። በመሆኑም ዕቅዴን ያወጣሁት እንደ ማንኛውም የቆላ ሰው ሆኜ ነው።

ሐኪሞች የሚመክሩት ደንብ አጭር ነው። ከ3,000 ሜትር በላይ፣ ዛሬ የሚታደርበት ቦታ ትናንት ከታደረበት ከ500 ሜትር በላይ እንዳይበልጥ፣ በየሦስት ወይም በየአራት ቀኑም መኝታውን ከፍ ሳያደርጉ አንድ ቀን ማረፍ። ቀን ከፍ ብሎ ወጥቶ መመለስ ጉዳት የለውም፤ እንዲያውም ይጠቅማል። ይህን ይዤ በአንድ ወረቀት ላይ የመኝታዎቹን ስምና ከፍታ ብቻ ጻፍሁ፦ ፋክዲንግ 2,610፣ ናምቼ 3,440፣ እንደገና ናምቼ፣ ቴንግቦቼ 3,867፣ ዲንግቦቼ 4,410፣ እንደገና ዲንግቦቼ፣ ሎቡቼ 4,940፣ ጎራክ ሼፕ 5,164። ከፋክዲንግ ወደ ናምቼ ያለው ዝላይ ከደንቡ እንደሚያልፍ ቁጥሩ ራሱ ይናገራል፤ ናምቼ ላይ ሁለት ሌሊት የሚታደረውም ለዚሁ ነው። ከዲንግቦቼ ወደ ሎቡቼ ያለውም ጥቂት ስለሚያልፍ፣ በመካከል ያለችውን ቱክላን፣ 4,620 ሜትር፣ ከጎኑ በእርሳስ ጻፍኋት፤ ራሴን ካመመኝ እዚያ እንዳድር። ዋጋ ለመቀነስ ሲሉ ጉዞውን የሚያሳጥሩ አስጎብኚዎች መጀመሪያ የሚቆርጡት እነዚያን «እንደገና» የተባሉትን ቀናት ነው። በእኔ አስተያየት ግን ከመኝታውና ከምግቡ ጥራት ቢቀነስ እንኳ መቆረጥ የሌለባቸው እነዚያ ቀናት ናቸው።

ሁሉንም የሚቀድመው ደግሞ ቪዛ ነው። ኔፓል ለአብዛኞቹ አገሮች ዜጎች ካትማንዱ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ቪዛ ትሰጣለች፤ ለ15 ቀን 30 ዶላር፣ ለ30 ቀን 50 ዶላር ከፍለው ይገባሉ። የኢትዮጵያ ፓስፖርት ይህ ከማይፈቀድላቸው ጥቂት አገሮች ዝርዝር ውስጥ ስላለ፣ ቪዛውን አስቀድሞ ከኔፓል ኤምባሲ ማውጣት ግድ ይላል፤ እኔ ያወጣሁት አቡ ዳቢ ካለው ነው። በብዛት የሚነበቡት የጉዞ መመሪያዎች አሜሪካኖችና አውሮፓውያን ለወገኖቻቸው የጻፏቸው በመሆናቸው ይህን ጉዳይ አያነሡትም። እኛ ግን የአውሮፕላን ቲኬት ከመቁረጣችን በፊት ልንጨርሰው የሚገባ ሥራ ነው። መድኑም እንዲሁ ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ ብዙ የጉዞ መድን ውሎች ከተወሰነ ከፍታ በላይ የደረሰን ነገር አይሸፍኑም፣ ስለዚህ እስከ 6,000 ሜትር የሚሄድና በሄሊኮፕተር ማውረድን በስም የሚጠቅስ ውል መፈለግ አለበት።

ለጉዞው የሚመረጡት ሁለት ወቅቶች፣ ክረምቱ ከወጣ በኋላ ያለው ጥቅምትና ኅዳር፣ አለዚያም ከመጋቢት እስከ ሚያዝያ ያለው የጸደይ ጊዜ ናቸው። እኔ ፈቃድ ያገኘሁት በመጋቢት መጨረሻ በመሆኑ ጉዞው ዐቢይ ጾም ውስጥ ወደቀ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳይበሉና ሳይጠጡ መውጣት በዚያ ከፍታ ላይ አደጋ ስለሆነ የንስሓ አባቴን አማክሬ ሰዓቱን ተውሁት፤ ከሥጋና ከወተት መከልከሉን ግን ጠበቅሁ። እንደሚታሰበው አልከበደኝም። በብሔራዊ ፓርኩ ውስጥ እንስሳ ማረድ ስለማይፈቀድ ከናምቼ በላይ የሚሸጠው ሥጋ ሁሉ ከታች በሰው ጀርባ ለቀናት ተጓጉዞ የመጣ ነው፤ ልምድ ያላቸው መንገደኞች ጾመኛ ባይሆኑም አይነኩትም። በየሻይ ቤቱ የማይታጣው ዳል ባት፣ ማለትም ሩዝ፣ የምስር መረቅና የድንች ወይም የጎመን አልጫ፣ ያለ ቅቤ ይሁንልኝ ከተባለ የጾም ነው። ሲያልቅም ያለ ተጨማሪ ክፍያ ይጨመራል።

ካትማንዱና ማንታሊ

ካትማንዱ 1,400 ሜትር ላይ ያለች፣ አቧራዋ የሚያስነጥስ ከተማ ናት። ታሜል በሚባለው ሰፈር ስሊፒንግ ባግና የላባ ጃኬት በቀን ሒሳብ ተከራየሁ፤ ለአንድ ጉዞ ብሎ አዲስ መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው። በጥሬ ገንዘብ የኔፓል ሩፒም ያዝሁ፤ ከሉክላና ከናምቼ በኋላ ባንክም የገንዘብ ማሽንም የለም።

ተሸካሚም መሪም የሚሆነኝን ሰው ያገናኘኝ ዱባይ አብሮኝ የሚሠራ ኔፓላዊ ነው። ሰውየው ከኤቨረስት በታች ካለው ከሶሉኩምቡ ቆላ የመጣ የራይ ብሔር ተወላጅ ሲሆን፣ ለዓመታት ዶሃ ውስጥ ግንባታ ላይ ሠርቷል። እኔ ኔፓልኛ አልችልም፣ እሱም እንግሊዝኛው ጥቂት ነበር፤ መንገዱን በሙሉ የተግባባነው በተሰባበረ የባሕረ ሰላጤ ዐረብኛ ነው። በዕድሜ ስለሚበልጠኝ እንደ አገሩ ልማድ «ዳይ»፣ ታላቅ ወንድሜ፣ እያልሁ ጠራሁት።

ወደ ሉክላ የሚሄዱ ትናንሽ አውሮፕላኖች ሰው በሚበዛበት ወቅት የሚነሡት ከካትማንዱ ሳይሆን በመኪና አራትና አምስት ሰዓት ርቃ ካለችው ከማንታሊ ነው። ለማለዳ በረራ ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ላይ ጂፕ ውስጥ ገብተን፣ ጠመዝማዛውን ቁልቁለት ስንወርድ አድረን፣ ጎሕ ሲቀድ ደረስን። የሻንጣው ወሰን 15 ኪሎ ነው፤ ከመመዘኛው ፊት ተሰልፎ ጃኬቱን ደርቦ የሚለብሰውና ኪሱን በባትሪ የሚሞላው ሰው ብዙ ነበር።

የመጀመሪያው ቀን፣ ሉክላ – ፋክዲንግ

በረራው ሃያ ደቂቃ አይሞላም። የሉክላ መንደርደሪያ 527 ሜትር ብቻ ርዝመት ያለው፣ በአንድ ጫፉ ገደል በሌላው የተራራ ግድግዳ ያለበት፣ ራሱም ወደ ላይ ያጋደለ ነው። አውሮፕላን ሽቅብ አርፎ ቁልቁል ይነሣል፤ አንዴ ለማረፍ ከተቃረበ በኋላ ሐሳቡን መቀየር አይችልም። ደመና ሲጋርደው በረራው ሁሉ የሚቆመውም በዚህ ምክንያት ስለሆነ፣ ከሉክላ በሚወጣበት ቀንና ከካትማንዱ በሚበረርበት ቀን መካከል ሁለት ባዶ ቀን ትቼ ነበር።

ከከተማው መውጫ ላይ የፓሳንግ ላሙ ሸርፓ መታሰቢያ በር አለ። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 22 ቀን 1993 ኤቨረስት ጫፍ ላይ በመድረስ የመጀመሪያዋ ኔፓላዊት ስትሆን፣ ስትወርድ ሕይወቷ አልፏል። የአካባቢው የገጠር ማዘጋጃ ቤት የመንገደኛ ካርድ የሚሰጠውና ክፍያውን የሚቀበለውም ሉክላ ላይ ነው። የቀረው የቀኑ መንገድ ወደ ፋክዲንግ ቁልቁለት ስለሆነ የሚነገር የለውም፤ ምሳ በላን፣ ተኛን።

ሁለተኛው ቀን፣ ፋክዲንግ – ናምቼ ባዛር

መንገዱ የዱድ ኮሲን ወንዝ ነጭ ውሃ ከወዲያ ወዲህ በተንጠልጣይ ድልድዮች እየተሻገረ ይሄዳል። ሞንጆ ላይ የሳጋርማታ ብሔራዊ ፓርክ በር አለ፤ ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1976 የተቋቋመና በ1979 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ሲሆን፣ ለውጭ ዜጋ መግቢያው 3,000 ሩፒና ግብሩ ነው። ከበሩ ወዲያ ያለው ትልቁ ድልድይ ኤቨረስት ጫፍ ላይ መጀመሪያ ከደረሱት ሁለት ሰዎች በአንዱ፣ በሒላሪ፣ ስም የሚጠራው ነው፤ ነፋሱ የጸሎት ጨርቆቹን ሲያራግብ ድልድዩም አብሮ ይወዛወዛል። የጭነት ከብቶች ሲመጡ ድልድዩን ለእነሱ መልቀቅ፣ በጠባብ መንገድም ወደ ተራራው ጥግ መጠጋት እንደሚገባ ዳይ ደጋግሞ ነገረኝ። በገደሉ በኩል የቆመ ሰው ተገፍቶ ሊወድቅ ይችላል።

ከድልድዩ በኋላ እስከ ናምቼ 600 ሜትር ያህል ዳገት ያለ ዕረፍት ይወጣል። በዚህ ዳገት ላይ የሉክላን ተሸካሚዎች በቅርብ አየኋቸው። ዶኮ የሚባለው የቀርከሃ ቅርጫት ከጀርባ ሆኖ፣ ናምሎ የሚባለው ጠፍር በግንባር ላይ ያልፋል፤ ሸክሙን የሚይዘው ትከሻ ሳይሆን አንገት ነው። በእጃቸው አጭርና ጫፉ ሰፋ ያለ ከዘራ ይይዛሉ፣ ቶክማ ይሉታል። ማረፍ ሲፈልጉ አይቀመጡም፤ ቶክማውን ከቅርጫቱ ሥር አቁመው ክብደቱን በእሱ ላይ ያሳርፋሉ፣ በጥርሳቸው መካከል በረጅሙ ያፏጫሉ፣ ጥቂት እርምጃ ሄደው ይህንኑ ይደግማሉ። አንዱ የቢራ ካርቶን፣ አንዱ የጋዝ ሲሊንደር፣ አንዱ የኮምፔንሳቶ ጣውላ ይዞ ነበር። ላይ ቤት አንድ ሻይ ለምን እንደሚወደድ ከዚያ ወዲያ ጠይቄ አላውቅም። ከራሴ ጓዝ ለዳይ የሰጠሁት 12 ኪሎ ሲሆን የቀረውን ራሴ ያዝሁ፤ ተሸካሚ የሚቀጥር ሰው ክብደቱን በሚዛን አስቀምጦ፣ ተሸካሚው ጓንትና ወፍራም ጃኬት እንዳለውም አይቶ መነሣት አለበት።

ሦስተኛው ቀን፣ ናምቼ

ናምቼ በፈረስ ኮቴ ቅርጽ በተራራ ወገብ ላይ የተደረደረች፣ ዳቦ ቤትና ፋርማሲ ያላት፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያ የሚቆምባት ከተማ ናት። ዕረፍት ሲባል ተኝቶ መዋል ማለት አይደለም። ጠዋት እስከ 3,880 ሜትር፣ ኤቨረስት ቪው እስከተባለው ሆቴል ድረስ ወጥተን፣ በኩምጁንግ አድርገን ተመለስን። ኤቨረስትን በጠራ ሰማይ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት በዚህ ዳገት ላይ ነው፤ ከሎትሴና ከኑፕትሴ ጀርባ ጫፉን ብቻ ስለሚያሳይ፣ ከፊት ለፊት ቆሞ የሚታየው አማ ዳብላም ይበልጥ ያምራል። አማ ዳብላም 6,812 ሜትር ብቻ ቢሆንም በመንገዱ ሁሉ ዓይን የሚይዘው እሱ ነው።

ኩምጁንግ ውስጥ ኤድመንድ ሒላሪ እ.ኤ.አ. በ1961 ያሠራው ትምህርት ቤት አለ፤ ጎረቤቷ ኩንዴ ላይ ደግሞ በ1966 የተከፈተ ሆስፒታል። ሒላሪና ተንዚንግ ኖርጋይ በግንቦት 29 ቀን 1953 እ.ኤ.አ. ጫፉ ላይ ከደረሱ በኋላ ሒላሪ የቀረ ዕድሜውን ለዚህ ሕዝብ ትምህርት ቤትና ድልድይ ሲያሠራ እንዳሳለፈ ሽማግሌዎቹ በፍቅር ያወሩታል። የመንደሩ ገዳም ውስጥ በሳጥን ተቆልፎ የተቀመጠ የቲ የተባለው፣ በተረት የሚወራለት የበረዶ ሰው የራስ ቆዳ ነው የሚባል ነገር አለ፤ ትንሽ ገንዘብ ለሰጠ ይከፈትለታል። እኔም ሰጥቼ አየሁ፣ አላመንሁም።

ማታ አሴታዞላማይድ፣ በገበያ ስሙ ዳያሞክስ፣ 125 ሚሊ ግራም ጠዋትና ማታ የምወስደውን ቀጠልሁ። መድኃኒቱን ከመነሣቴ በፊት ሐኪም አማክሬ ነው የያዝሁት፤ ለሰልፋ መድኃኒት አለርጂ ያለበት ሰው በተለይ ሳይጠይቅ ሊወስደው አይገባም። ጣትን ጠዘጠዘኝ ያሰኛል፣ ሌሊት ደጋግሞ ለሽንት ያስነሣል፣ የለስላሳ መጠጥንም ጣዕም ያጠፋዋል። አተነፋፈስን ስለሚያበረታ መላመድን ያፋጥናል፤ ሕመምን ሸፍኖ የሚያስወጣ መድኃኒት አይደለም።

አራተኛው ቀን፣ ናምቼ – ቴንግቦቼ

ካርታው ላይ የመኝታው ልዩነት 400 ሜትር ነው፤ እግር ግን ከዚያ የበለጠ ይከፍላል። መንገዱ መጀመሪያ በተራራው ወገብ ተስተካክሎ ሄዶ፣ ወንዙ ዘንድ እስከ 3,250 ሜትር ይወርድና እንደገና 600 ሜትር ይወጣል። ዳገቱ ላሊጉራስ (ሮዶደንድሮን) በሚባሉ አበባማ ዛፎች መካከል ስለሆነና ወቅቱም አበባው የሚፈነዳበት ስለነበር፣ ቀይና ሮዝ ሆኖ የተነጠፈውን እየረገጥን ወጣን። የቴንግቦቼ ገዳም እ.ኤ.አ. በ1916 ተመሥርቶ በ1934 የመሬት መንቀጥቀጥ ፈረሰ፣ ተሠርቶ በ1989 ተቃጠለ፣ በ1993 እንደገና ተሠራ። ከቀትር በኋላ ለጸሎት ስንገባ ጫማችንን አውልቀን በግድግዳው ጥግ ተቀመጥን፤ መነኮሳቱ ሲያነበንቡ መሐል አንድ ሕፃን መነኩሴ እንቅልፍ እየጣለው ወዳጁ በክርኑ ይጎስመው ነበር።

አምስተኛውና ስድስተኛው ቀን፣ ዲንግቦቼ

ፓንግቦቼ ካለፈች በኋላ ዛፍ የለም። የቀረው ቁጥቋጦ፣ ድንጋይና ነፋስ ነው። ዲንግቦቼ በከፍታዋ ከራስ ዳሸን ጫፍ እምብዛም የማታንስ ስትሆን፣ ሰዎቿ በዚህ ከፍታ ላይ ድንችና ገብስ ያመርታሉ፤ እርሻዎቹ ያክ የሚባለው ጠጉራም የደጋ ከብትና ነፋስ እንዳይገባባቸው በድንጋይ አጥር የታጠሩ ናቸው።

ያረፍንበትን ቤት የሚያስተዳድሩት አንዲት ዕድሜያቸው የገፋ እናት ነበሩ፤ ሁሉም «ዲዲ»፣ ታላቅ እህቴ፣ ይላቸዋል፣ እኔም እንዲሁ አልኋቸው። በዕረፍቱ ቀን ጠዋት ከመንደሩ በላይ ያለውን የናንግካርትሻንግን ኮረብታ እስከ መካከሉ ወጥተን፣ የማካሉን ተራራ በሩቅ አይተን ተመልሰን፣ እኔ በምድጃው አጠገብ ከሻንጣዬ በሶ አውጥቼ በሙቅ ውሃና በጨው መበጥበጥ ጀመርሁ። ዲዲ ከማጀት ሆነው አዩኝ። ቀረብ ብለው ከከረጢቱ ቆንጥረው በመዳፋቸው አሹት፣ አሸተቱት፣ አፋቸው ውስጥ ጨመሩት፤ ከዚያም ሳይናገሩ ገብተው በእንጨት ዕቃ የራሳቸውን ይዘው መጡ። ጻምፓ ይሉታል፤ ገብሱ በአሸዋ ላይ ተቆልቶ ተፈጭቷል፣ ከእናቴ በሶ የሚለየው በጥቂቱ ሻካራ በመሆኑ ብቻ ነው። በጨውና በቅቤ ሻይ ሊለውሱልኝ ሲሉ ዳይ ጾም መሆኔን አስረዳልኝ። እሳቸውም ቅቤ የሌለበት ሻይ አፍልተው አቀረቡ፣ የእኔንም ከረጢት ግማሽ በጻምፓ ለወጡኝ። ጎራክ ሼፕ ላይ ምግብ ሁሉ ሲያስጠላኝ የበላሁት ያንን ነው።

ከቀትር በኋላ ኮረብታውን ተሻግረን ፔሪቼ ወረድን። እዚያ የሒማላያ ነፍስ አድን ማኅበር እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ የሚያስተዳድረው ክሊኒክ አለ፤ በጉዞ ወቅት በጎ ፈቃደኛ ሐኪሞቹ ከሰዓት በኋላ ለመንገደኛ ስለ ከፍታ ሕመም ገለጻ ያደርጋሉ። ከዕቅዱ ሁሉ ይህን ሰዓት የሚተካ የለም እላለሁ። ሐኪሟ የነገረችን ባጭሩ ይህ ነበር፦ ራስ ምታትና የምግብ ፍላጎት ማጣት ካለ፣ ሌላ መሆኑ እስኪረጋገጥ ድረስ የከፍታ ሕመም ነው ተብሎ ይወሰድ፣ ምልክት ያለበት ሰው አይውጣ፤ ተቀምጦ ትንፋሽ የሚያጥረው፣ አረፋ ያለው አክታ የሚያስል፣ ወይም ቀጥ ባለ መስመር ተረከዙን ከጣቱ እያገናኘ መራመድ ያቃተው ሰው በሌሊትም ቢሆን ይውረድ፤ የፊተኞቹ ሁለት ምልክቶች ሳንባ፣ የኋለኛው ደግሞ አንጎል ውሃ መቋጠሩን ያሳያሉና። የጣት መለኪያው የእኔን ኦክስጅን 84 አሳየ፤ ለዚያ ከፍታ ደህና ነው ተባልሁ።

ሰባተኛው ቀን፣ ዲንግቦቼ – ሎቡቼ

ቱክላ ላይ ምሳ በልተን፣ ራሴን ስላላመመኝ በእርሳስ የጻፍኋትን መኝታ ዘለልሁ። ከቱክላ በላይ ያለው አቀበት ሲያልቅ፣ በኤቨረስትና በአካባቢው ተራሮች ላይ ለሞቱ ሰዎች የቆሙ የድንጋይ ሐውልቶች ሜዳውን ሞልተውታል። ከእነሱም አንዱ የባቡ ቺሪ ሸርፓ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1999 ያለ ተጨማሪ ኦክስጅን 21 ሰዓት ጫፉ ላይ የቆየ፣ በ2001 ተራራው ላይ የሞተ ሰው። ዳይ ኮፍያውን አውልቆ በሐውልቱ ግራ በኩል አለፈ፤ የተቀደሰ ነገር ሲታለፍ በሚያልፈው ሰው ቀኝ እጅ በኩል መሆን አለበት።

ሎቡቼ ላይ የሻይ ቤቱ ነገር ሁሉ ጎልቶ ይወጣል። ሙቀት ያለው በመመገቢያው አዳራሽ መካከል ባለችው ምድጃ ብቻ ነው፤ የሚነደው የደረቀ የያክ ኩበት ሲሆን ወደ አሥራ አንድ ሰዓት ተለኩሶ እንግዳው ሲተኛ ይጠፋል። አልጋ ርካሽ ነው፣ ነገር ግን እራትና ቁርስ እዚያው መብላት ውሉ ነው። ስልክ ቻርጅ ማድረግ፣ ሙቅ ውሃ መታጠብ፣ ኢንተርኔት፣ የፈላ ውሃ በቴርሞስ፣ እያንዳንዱ ለብቻው ይከፈላል፣ በወጡ ቁጥርም ዋጋው ይጨምራል። ፓወር ባንኩንና የውሃ ማጣሪያ ኪኒኑን ይዤ መምጣቴ ወጪዬን ቀነሰልኝ። ባትሪ በብርድ ስለሚሞት ስልኩም ፓወር ባንኩም ስሊፒንግ ባግ ውስጥ ያድራሉ።

በዚያ ሌሊት ከስሱ ግድግዳ ማዶ አንድ ወጣት ሲያስል ይሰማኝ ነበር። ሳሉ እየረጠበ ሄደ። አምስት ሰዓት ገደማ መሪው አስነሥቶ ጫማውን ሲያስርለት፣ ወጣቱ «ጠዋት ይሻለኛል» ሲል፣ መሪው ሳይመልስለት ሲያስር በበሩ ክፍተት አየሁ። ከሁለት ተሸካሚ ጋር በግንባር ባትሪ ወደ ፔሪቼ ወሰዱት። ስንመለስ ስጠይቅ ክሊኒኩ ኦክስጅን ሰጥቶት፣ ሲነጋ በሄሊኮፕተር ወደ ካትማንዱ እንደሄደና እንደዳነ ነገሩኝ።

ስምንተኛው ቀን፣ ጎራክ ሼፕና ቤዝ ካምፕ

ጠዋት ጎራክ ሼፕ ደርሰን ጓዛችንን ጥለን ወደ ኤቨረስት ቤዝ ካምፕ ቀጠልን። መንገዱ በኩምቡ የበረዶ ግግር ጠርዝ ላይ፣ በልቅ ድንጋይ መካከል ነው። 5,364 ሜትር ላይ ያለው አየር በባሕር ጠረፍ ካለው ኦክስጅን ግማሹን ያህል ብቻ ይሰጣል፤ ሃያ እርምጃ ተሂዶ ይቆማል። ካምፑ በሚንቀሳቀስ በረዶ ላይ የተተከለ የቢጫ ድንኳን መንደር ነው፤ ተራራውን የሚወጡት ሰዎች ገና እየገቡ ነበር። የኩምቡ በረዶ መውረጃ ከካምፑ አናት ተንጠልጥሎ ይታያል። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 18 ቀን 2014 በዚያው ናዳ 16 የተራራ ሠራተኞች ሞተውበታል።

ሰው ሊያውቀው የሚገባው ግን ከቤዝ ካምፕ የኤቨረስት ጫፍ አይታይም። ስሙን ተከትሎ የሚመጣ መንገደኛ ብዙ ጊዜ እዚያ ቆሞ «የትኛው ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ጫፉን ለማየት ከጎራክ ሼፕ በላይ ያለው ካላ ፓታር የተባለ ኮረብታ ላይ መውጣት ያስፈልጋል፤ ጊዜም ጉልበትም ለአንዱ ብቻ ከበቃ፣ ካላ ፓታርን ይምረጥ እላለሁ።

ዘጠነኛው ቀን፣ ካላ ፓታር – ፔሪቼ

ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ተነሣን። ውሃዬ ከቧንቧው ጫፍ ጀምሮ በረዶ ሆነ፤ ጠርሙሱን ገልብጦ መያዝ እንደሚሻል፣ በረዶ የሚጀምረው ከላይ ስለሆነ፣ ዳይ አሳየኝ። ሰሌዳው 5,644 ሜትር ይላል፣ ሌሎች ልኬቶች መቶ ሜትር ያህል ይቀንሱታል። ፀሐይዋ ከኤቨረስት ጀርባ ስለምትወጣ ተራራው መጀመሪያ ጥቁር ሆኖ፣ ዙሪያው በብርሃን ተከቦ ይታያል፤ ኔፓልና ቻይና በ2020 እ.ኤ.አ. በጋራ ይፋ ያደረጉት ቁመቱ 8,848.86 ሜትር ነው። ጓንቴን አውልቄ ፎቶ ያነሣሁት ሁለት ጊዜ ብቻ ሲሆን ጣቶቼ ለመመለስ ግማሽ ሰዓት ፈጀባቸው። ቁርስ በልተን እስከ ፔሪቼ ወረድን። በወረድን ቁጥር የምግብ ፍላጎቴ ሲመለስ፣ እንቅልፌም እንደ ድሮው ሆነ።

ከዚያ ወዲህ

ሲወረድ የመላመድ ጉዳይ ስለሌለ አንድ ቀን ለናምቼ፣ አንድ ቀን ለሉክላ ይበቃል፤ የሚጎዳው ጉልበት ስለሆነ ሁለት የመራመጃ ዘንግ ዋጋውን ያወጣል። ሉክላ ላይ ለዳይ ደመወዙን ጨርሼ፣ ከእሱ ላይ ጉርሻውን በእጁ ሰጠሁት። እሱ አውሮፕላን አይሳፈርም፤ ቤቱ በእግር ሁለት ቀን ቁልቁል ነበር።

በማግስቱ ሸለቆው በደመና ተሞልቶ አንድም አውሮፕላን አልመጣም። በዚያው ምሽት ከካትማንዱ ዓለም አቀፍ በረራ የነበራቸው መንገደኞች በነፍስ ወከፍ መቶዎች ዶላር ከፍለው፣ ደመናው ትንሽ ሲከፈት በሄሊኮፕተር ሄዱ። እኔ ከሁለቱ ባዶ ቀኖች በአንዱ ዳቦ ቤት ተቀምጬ ዋልሁ። ጎክዮ የተባለውን የሐይቆች ሸለቆና 5,420 ሜትር የሆነውን የቾ ላ መተላለፊያ ጨምሮ በዙሪያ መመለስ የሚፈልግ ሰው ተጨማሪ ቀኖቹን ሲቆጥር፣ ይህችን ባዶ ቀን ቆርጦ እንዳይጨምርበት። በሁለተኛው ጠዋት ሰማዩ ጠራ፣ ሦስተኛ ሆኖ በመጣው አውሮፕላን ተሳፈርሁ። ማንታሊ ላይ ሙቀቱ ጃኬት ያስወልቃል፤ ከሌሎች አራት ሰዎች ጋር ጂፕ ተጋርተን፣ መንገዱ በየቦታው እየተቆፈረ ስለነበር ካትማንዱ የገባነው ከመሸ በኋላ ነው።